በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄአለሁ፤ መካነ ኢየሱስ ለመግባት እንደገና እጠመቃለሁ?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህን ይላል። «ከደብረ ብርሃን ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄአለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መካነ ኢየሱስ ወስዳኝ እስካሁን አራት እሑድ ሄጃለሁ። ሉተራን መሆኑን የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ ሉተራን ማለት ምን እንደሆነም በደንብ አላውቅም። አባል ለመሆን ምን ይጠበቅብኛል? እንደገና እጠመቃለሁ ወይ? ቁርባን ሲሰጥ ልቀበል? ለእናቴስ ምን ብዬ ልንገራት? በመጨረሻም፣ ነጠላ ለብሼ ብሄድ ያስቀይማል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንቅልፍ የነሳሽን ልመልስ፤ አትጠመቂም። በሰማንያ ቀንሽ ካህኑ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም በውኃ አጥምቀውሻል፤ ነገሩ ተፈጽሟል። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ያንን ጥምቀት ጥምቀት ብላ ትቀበላለች። የፈለገ ሰው፣ ወንጌላዊም ይሁን የመዘምራን መሪ፣ «የሕፃንነቱ አይቆጠርም» ቢልሽ የነገረሽ የራሱን ወይም የሌላ ቤተ እምነትን አሳብ እንጂ የመካነ ኢየሱስን ትምህርት አይደለም።

ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብሽ፤ እርሱ ከገባሽ የቀረው የሉተራን ትምህርት አብዛኛው አብሮ ይገባሻል። ጥያቄው «ጥምቀት የማን ሥራ ነው?» የሚል ነው። የእኔ ውሳኔ፣ የእኔ ምስክርነት ከሆነ፣ ሕፃን ልጅ ውሳኔ ስለሌለው ጥምቀቱም ባዶ ነው። የእግዚአብሔር ሥራ ከሆነ ግን የሕፃኑ አለማወቅ ምንም አያጎድልበትም። አባት ለሕፃን ልጁ ቤት ቢያወርሰው፣ ልጁ አድጎ ቁልፉን ሲረከብ ቤቱ ፈርሶ እንደገና አይሠራም፤ ገብቶ ይኖርበታል እንጂ። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ስሟን ያገኘችበት፣ በጀርመን የቤተ ክርስቲያንን ተሐድሶ የጀመረው ማርቲን ሉተር ያለው ይህንኑ ነው። ኅሊናው ሲከስሰው፣ ኃጢአቱ ሲከብደው፣ መልሱ «ተጠምቄአለሁ» የሚል ነበር፤ ክርስቲያኖችም እንዲሁ እንዲመልሱ አስተማረ። አንቺም ቅዳሴ ስታስቀድሺ ስትሰሚው ያደግሽው ጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» ይላል። በአንዲት ጥምቀት። ሉተራውያን እ.ኤ.አ. በ1580 የእምነት ሰነዶቻቸውን በአንድ መጽሐፍ ሲሰበስቡ ይህ የኒቅያ ጸሎተ ሃይማኖት ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱን ይዟል። እናትሽና ሉተር በዚህ አይጣሉም።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼው አይደለም። የተወለድሁት ሐረር ነው፤ በአርባ ቀኔ ክርስትና ተነሥቼአለሁ። በደርግ ዘመን፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ደንገጎን ወርጄ ድሬዳዋ ሥራ ስይዝ በየቤቱ ተደብቆ ከሚጸልይ አንድ የወጣቶች ኅብረት ጋር ተዋወቅሁ። ያን ጊዜ ብዙ የጸሎት ቤቶች ታሽገው ነበርና የምንዘምረው በሹክሹክታ ነበር፤ ለጎረቤት ጆሮ ደግሞ ሬዲዮ እንከፍታለን። የእነዚያን ልጆች ፍቅር እስከ ዛሬ አልረሳሁም። መሪዎቻችን ግን የአርባ ቀኑ ጥምቀት «የወላጆችህ እንጂ የአንተ አይደለም» አሉኝና አንድ ሌሊት ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ እንደገና አጠመቁኝ። በድሬዳዋ ሙቀት በርሜል ውስጥ መግባት ቅጣት አይባልም። ቅጣቱ የመጣው በኋላ ነው። በሦስተኛው ዓመት እምነቴ ሲደክም፣ «ምናልባት ሁለተኛውንም ስጠመቅ ልቤ ሙሉ አልነበረም ይሆን?» ማለት ጀመርሁ። በዚያ ስሌት ሦስተኛም አራተኛም ያስፈልገኝ ነበር። ከዚያ አዙሪት ያወጣኝ አንድ አረጋዊ የመካነ ኢየሱስ ቄስ ነው። ታሪኬን ጨርሼ እስክናገር ታገሡኝና «ልጄ፣ እግዚአብሔር በአርባ ቀንህ የሰጠህን ቃል መቼ አጠፈና ነው እንደገና የምታስምለው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል አዲስ አባላትን ሳስተምር ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ይህንን ነው።

ስለ ስሙም ጥቂት ልበል። በር ላይ «ሉተራን» የሚል አታገኚም። ሙሉ ስሟ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ነው፤ የኢየሱስ ስፍራ ማለት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ አባላቷ 20,000 ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአባላት ብዛት የሚበልጣት የለም። በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ «ጴንጤ» ይላታል፤ ስሙን ያገኘችው ከእርሷ በኋላ ከመጡ የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተደምራ ነው። አትከራከሪ፣ ግን ልዩነቱን እወቂ፤ ከመሠረተ ክርስቶስ፣ ከሙሉ ወንጌል ወይም ከቃለ ሕይወት ጓደኞችሽ ጋር ስታወሪ ጥምቀትና ቁርባን ላይ የማትገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለ ሉተራን የምታነቢውን ሁሉም ወደ ድሬዳዋ አታምጪው። ለምሳሌ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ጉዳይ መካነ ኢየሱስ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው ትልቁ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር አልተስማማችም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሁለቱም ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣለች።

ቁርባንን በተመለከተ ደግሞ ከብዙ ወዳጆችሽ የተለየ ነገር እነግርሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1529 ሉተር ከስዊሱ ተሐድሶ መሪ ከዝዊንግሊ ጋር በጀርመን ከተማ በማርቡርግ ተገናኝቶ ነበር። ዝዊንግሊ ኅብስቱና ወይኑ ምልክት፣ መታሰቢያ ናቸው አለ። ሉተር ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በላቲን ጽፎ ከዚያ ፈቀቅ አልል አለ። ሁለቱ በአብዛኛው ነጥብ ተስማምተው በዚህች አንዲት ነገር ተለያዩ። ስለዚህ በሉተራን ትምህርት በጌታ እራት የምትቀበዪው እውነተኛውን የክርስቶስን ሥጋና ደም ነው። እንዴት ይሆናል ለሚለው ረጅም ፍልስፍና የለም፤ እርሱ ብሎአልና ይሆናል። አንድ ሰባኪ «መታሰቢያ ብቻ ነው» ሲል ብትሰሚ፣ እኔም በዚሁ ከተማ ሰምቼአለሁ፣ ያ የዝዊንግሊ ትምህርት ነው፤ አድራሻው ተሳስቶ የመጣ።

እንግዲህ ልቀበል ላልሽው፣ ገና አትቀበዪ። ክልከላ አይደለም፤ ምክር ነው። በመካነ ኢየሱስ ልማድ ወደ ጌታ እራት የሚቀረበው ከትምህርት በኋላ ነው። ከዚያም በላይ፣ ማዕዱን መቀበል በሰው ፊት «የእናንተ ነኝ» ማለት ነው፤ በእናትሽ ቤተ ክርስቲያን ዓይን ደግሞ ከቤት መውጣት ሆኖ ይቆጠራል። እንደዚያ ያለውን እርምጃ ዐውቀሽ ውሰጂው እንጂ ሰልፉ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ተነሥተሽ አትሂጂ። ቦታሽ ላይ ብትቀመጪ የሚታዘብሽ የለም። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ስለ ጾም ትጨነቂ ይሆናል፤ ካደግሽበት ሥርዓት ሳይጾሙ መቁረብ አይታሰብምና። ሉተር በትንሹ ካቴኪዝሙ፣ ማለትም በአጭሯ የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፉ፣ የሰጠው መልስ ሚዛናዊ ነው። መጾምና ሰውነትን ማዘጋጀት መልካም ሥርዓት ነው ይላል፤ በእውነት የተገባው ሰው ግን «ስለ እናንተ የተሰጠ፣ ለኃጢአት ይቅርታ የፈሰሰ» የሚለውን ቃል የሚያምን ነው። ጾመሽ መቅረብ ከወደድሽ ጹሚ። ያልጾመውን ግን አትፍረጂበት።

በአራቱ እሑድ ያየሽውን እገምታለሁ። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ መዘምራን፣ ኪቦርድ፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ሁሉም በየራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጸልይበት ጊዜ፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶአል። ቤት ገብተሽ የጀርመን ሉተራን አምልኮ ብትፈልጊ ደግሞ ሻማ፣ ኦርጋንና ጸጥታ ታያለሽ። የትኛው ነው እውነተኛው? ሁለቱም። የሉተራውያን ዋና የእምነት ሰነድ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ፣ በሰባተኛው አንቀጹ ለቤተ ክርስቲያን አንድነት የሚያስፈልገው ወንጌል በትክክል መሰበኩና ምሥጢራቱ በሥርዓት መፈጸማቸው ነው ይላል፤ ሰው የሠራው ሥርዓት በየአገሩ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። የጭብጨባውና የኅብረት ጸሎቱ ወዝ የመጣው በ1960ዎቹ ወጣቶችን ካነቃነቀው የመንፈሳዊ መነቃቃት ነው። መካነ ኢየሱስም ወጣቶቿን ከማባረር ይልቅ እያስተማረች አብራ መያዝን መረጠች። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል፣ ምንም እንኳ የድምፅ ማጉያው አንዳንድ ጊዜ ጸሎቴን ቢነጥቀኝም።

ከድምፁ ሥር ያለውን አጥንት መፈለግ ግን የአንቺ ሥራ ይሁን። በዚህ እሑድ ስትሄጂ እነዚህን ጠብቂ፤ የጋራ ኑዛዜ አለ ወይ፣ ከዚያም የኃጢአት ይቅርታ ቃል ይነገራል ወይ፣ ከብሉይ፣ ከመልእክታትና ከወንጌል ይነበባል ወይ፣ ጉባኤው ቆሞ ጸሎተ ሃይማኖት ይላል ወይ፣ ስብከቱ ከተነበበው ክፍል ይወጣል ወይስ ሰባኪው ስለ ራሱ ብቻ ያወራል። በመጨረሻ ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ይጠብቅህም» የሚለውን ቡራኬ ይሰጣሉ። ባጃጅ እንዳያመልጠው ከቡራኬው በፊት የሚሹለከለክ ሕዝብ አለ፤ አንቺ አትውጪ። ከስብከቱ ምንም ባይገባሽ እንኳ ያቺን ቃል ይዘሽ ሂጂ፤ ለአንቺ የተነገረች ናት።

አንድ ሁለት ነገር ያሳፍርሽ ይሆናል፤ ቀድሜ ልንገርሽ። «ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶች እስኪ ተነሡ» ይባላል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እያየ ይዘምርላችኋል። መቆም ግዴታ አይደለም። ከስብከት በኋላ ደግሞ «ዛሬ ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሣ» የሚል ጥሪ ሊኖር ይችላል። ጎንሽ የተቀመጠችው ባልደረባሽ በክርኗ ብትነካሽ አትናደጂባት፤ ስለምትወድሽ ነው። ነገር ግን አንቺ የተጠመቅሽ ክርስቲያን ነሽ፤ ከአረማዊነት የምትመለሺ አይደለሽም። እምነትሽ ተኝቶ ከቆየና ዛሬ ከነቃ ያንን ለእግዚአብሔር ንገሪው፤ እጅሽን ብታነሺም ባታነሺም ይሰማል።

ከለመድሽው የሚለይ ሌላም አለ። ጫማ አይወለቅም። ወንድና ሴት አብረው ይቀመጣሉ። ሴት ቄስ ልታዪ ትችያለሽ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አምልኮው የሚካሄደው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ይህ የእንግዳ ተቀባይነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሕዝብ ቃሉን በገዛ ቋንቋው ይስማ የሚለው የዚህች ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። ከባርነት የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉ በሙሉ በኦሮምኛ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1899 ነበር። ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ግን ቀናቸው ከእናትሽ ጋር አንድ ነው።

የንስሐ አባት የሚባል የለም። ለዚህ የምታዝኚ ከሆነ እረዳሻለሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሉተራውያን የግል ኑዛዜን አልሻሩም፤ የአውግስቡርጉ መግለጫ በ11ኛው አንቀጹ እንዲጠበቅ ያዛል። የተቀየረው ኃጢአትን አንድ በአንድ መቁጠር ግዴታ አለመሆኑና ቀኖና አለመታዘዙ ነው። ቄሱን ለብቻ ማነጋገር እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው፤ የሰሙትን ከእርሳቸው በቀር ማንም አያውቀውም። ይህ ልማድ በመካነ ኢየሱስ በጣም ቀንሶአል፤ እኔ እንደ ጉዳት እቆጥረዋለሁ።

አባልነቱ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ወደ ማኅበረ ምዕመናኑ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ «አባል መሆን እፈልጋለሁ፤ በሕፃንነቴ በኦርቶዶክስ ተጠምቄአለሁ» በይ። የመጣሽው ከሌላ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ቢሆን መሸኛ ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር፤ አንቺ ግን የምታመጪው መሸኛ የለም። ለትምህርት ይመዘግቡሻል። የሚበዛው ትምህርት በትንሹ ካቴኪዝም ዙሪያ ነው፤ ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ የሐዋርያት የእምነት መግለጫ፣ አባታችን ሆይ፣ ጥምቀት፣ ኑዛዜ፣ የጌታ እራት። ይህችን መጽሐፍ ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 የጻፋት በጀርመን ሳክሶኒ ገጠር አጥቢያዎችን ሲጎበኝ ምዕመኑ ቀርቶ ካህናቱ እንኳ አባታችን ሆይን በቅጡ አለማወቃቸውን አይቶ ደንግጦ ነው። እያንዳንዱን ክፍል «ይህ ምን ማለት ነው?» በሚል ጥያቄ ይከፍተዋል። አንቺም በክፍሉ ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ሳታፍሪ ጠይቂ። ሳስተምር ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ብዙ የሚጠይቁት አልነበሩም፤ በሁሉ ነገር «አሜን» እያሉ ጨርሰው በዓመቱ የሚጠፉት ነበሩ።

ከትምህርቱ በኋላ ሽማግሌዎች ያነጋግሩሻል። ሽማግሌ ሲባል ዕድሜ እንዳይመስልሽ፤ በአባላት የሚመረጡ መሪዎች ናቸው፣ የሠላሳ ዓመት ሰውም ይኖርባቸዋል። ከምዕራብ ወለጋ የመጡት የቤቴል አብያተ ክርስቲያናት፣ ፕሬስቢቴሪያን፣ ማለትም በሽማግሌዎች የሚመሩ፣ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ሲዋሐዱ የሽማግሌዎችን አሠራር አብረው አምጥተዋል። ስለ እምነትሽ፣ ስለ ትዳርሽ ሁኔታ፣ ስለ ኑሮሽ ይጠይቁሻል። ከዚያ አንድ እሑድ በጉባኤ ፊት እምነትሽን መስክረሽ በጸሎት ትቀበዪና ወደ ጌታ እራት ትቀርቢያለሽ። አባል ስትሆኚ ትመርጫለሽ፣ ትመረጫለሽ፣ በስብሰባም ሒሳብ ትጠይቂያለሽ። ይህን የመጨረሻውን መብት ሰው አይጠቀምበትም፤ ተጠቀሚበት።

ስለ ገንዘብ ባትጠይቂም ልጨምር። መባና አሥራት ይሰበሰባል፤ የወንጌላውያኑ ደመወዝም የሚከፈለው ከዚያ ነው። ለአባልነት ግን ክፍያ የለም፤ አሥራት ያላወጣ ደግሞ ከጌታ እራት አይከለከልም። ስልክሽን ተቀብሎ «ለአንቺ ትንቢት አለኝ» የሚልና ከትንቢቱ ኋላ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚልክ ሰው ቢገጥምሽ፣ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ስም ቢመጣ፣ ለሽማግሌዎቹ አሳዪያቸው። የሉተር ተሐድሶ የተቀሰቀሰው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1517 ይቅርታን በገንዘብ የመሸጥን ንግድ በመቃወም መሆኑን አስታውሺ፤ ከዚያ ወዲህ ያው ንግድ በሌላ ማሸጊያ ሲመጣ ዝም የሚል ሉተራዊ ስሙን ረስቶታል።

እናትሽ። ለዚህኛው ጥያቄ ቀላል መልስ የለኝም፤ የእኔ እናት አሥራ አንድ ዓመት በሙሉ ሳህኔን ለይታ ነበር የምታቀርብልኝ። ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አልነበረም። በሃያ ዓመቴ ነገሩን የነገርኋት በጾም ቀን ሥጋ ይዤ ቤት በመግባት ነው። ማተቤንም በጥሼ። በዚያን ቀን ስለ ጸጋ አንድም ነገር አላስተማርኋትም፤ ልጇ እንደናቃት ብቻ ተረዳች።

ማተብ ካለሽ ማንም እንዲበጥስልሽ አትፍቀጂ። በሉተራን የእምነት ሰነዶች ማተብ ይበጠስ የሚል የለም። ክር አያድንም፣ ክር አይኮንንም። ለእናትሽ ግን ክር አይደለም፤ «ማተቧን በጠሰች» ማለት በደብረ ብርሃን ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ጾሙንም እንዲሁ፤ መካነ ኢየሱስ ረቡዕና ዓርብን አታስገድድም፣ በእናትሽ ቤት ግን የእናትሽ ምጣድ የሚጋግረውን ብዪ። ጳውሎስ በሮሜ 14 ስለ መብል ብለህ ወንድምህን አታሳዝን ያለው ለእንዲህ ያለው ማዕድ ነው። ጎረቤቶቿ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ መጥተው ድሬዳዋ ቢያድሩም ቤትሽን ክፈችላቸው፤ አልጋ መልቀቅ ክርክር አይፈልግም።

ማርያምን ታነሣለች። በእርግጠኝነት፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ደቂቃ። እዚህ ላይ ሐቁን በሁለት በኩል ንገሪያት። ሉተራውያን ወደ ቅዱሳን አይጸልዩም፤ በአውግስቡርጉ መግለጫ 21ኛ አንቀጽ ቅዱሳን ይታሰባሉ፣ በእምነታቸው እንበረታታለን፣ አማላጅ ግን ክርስቶስ ብቻ ነው። ይህ እውነተኛ ልዩነት ስለሆነ አትሸፍኚው፤ በኋላ ብታውቀው ዋሸችኝ ትላለች። ነገር ግን ማርያም ወላዲተ አምላክ ናት ማለትን ሉተራውያን በእምነት ሰነዳቸው በግልጽ አስፍረዋል፤ ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1521 በማርያም ጸሎት ላይ ሰፊ ማብራሪያ ጽፎአል። እርሷን ማቃለል የተሐድሶ ምልክት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያነቡ ያፍሩ ነበር። ከፈለግሽ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እ.ኤ.አ. በ1534 ሉተር ይኖርባት ወደ ነበረችው የጀርመን ከተማ ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር በአስተርጓሚ እንደተነጋገረ፣ ሉተርም እምነቱን አመስግኖ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሰጠው ንገሪያት። ክርክር ለማሸነፊያ ግን አትጠቀሚበት። እናት በታሪክ አትረታም።

በስልክ አትንገሪያት። ፈቃድ ወስደሽ ሂጂ። ከሁሉ አስቀድመሽ የምትነግሪያትም እውነት የሆነውን ነው፤ «እማዬ፣ በሰማንያ ቀኔ ያስጠመቅሽኝን ጥምቀት አልጣልሁም። የሚያስተምሩኝም እርሱን አጥብቀሽ ያዢ እያሉ ነው።» በርሜል ውስጥ ባልገባ ኖሮ እኔም ይህን ለእናቴ ማለት እችል ነበር።

አንድ ነገር እርሷም ታነሣለች፣ አንቺም በግልጽ አስቢበት፤ መቃብር። አባልነት ማለት አንድ ቀን የሚቀብርሽ ማን እንደሆነ መወሰንም ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አፀደ መቃብር ለምዕመናኗ ነው፤ ወንጌላውያን የሚቀበሩት በራሳቸው መካነ መቃብር ነው። ከአባትሽ አጠገብ መቀበር የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ወጣት ስለሆንሽ ይህ ሩቅ ይመስልሻል፤ ለእናትሽ ግን ሩቅ አይደለም። ስለ እድር ግን ስጋት አይግባሽ። በድሬዳዋ የሰፈር እድር ሙስሊሙን፣ ኦርቶዶክሱን፣ ካቶሊኩንና ጴንጤውን በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል፤ ከዚራም ሆንሽ ሳቢያን፣ ከአሁኑ ተመዝገቢ። እኔ ቤት ሐዘን በገባ ጊዜ መጀመሪያ የደረሱት የእድሩ ሰዎች ነበሩ፤ የጸሎት ቤቱ ሰዎች ሁለተኛ ናቸው።

ስንት ጊዜ ልጠብቅ ካልሽ፣ ቢያንስ አንድ ፋሲካን አብረሻቸው አሳልፊ። ሕማማቱን፣ ስቅለቱን፣ ትንሣኤውን እንዴት እንደሚያከብሩ እዪ፤ ሲጣሉ እንዴት እንደሚታረቁም እዪ። የታመመ አባል ቤት አብረሻቸው ሂጂ። የቤት ኅብረት አላቸው፤ በሳምንት አንድ ምሽት ሰባት ስምንት ሰው በአንድ ሳሎን ተሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፣ ሻይ ይጠጣል። በእሑዱ ሕዝብ ውስጥ የማትሰሚውን እዚያ ትሰሚያለሽ፤ የማን ልጅ እንደጠፋ፣ ማን ሥራ እንዳጣ። ያንን ካየሽ በኋላም ልብሽ ወደ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ቢመልስሽ፣ እዚያ ያለውን ወንጌል በአዲስ ጆሮ ትሰሚዋለሽ፤ የከሰርሽው ነገር አይኖርም።

ነጠላውን ልብሺ። ማንም አይቀየምም፤ የእኛ አረጋውያን እናቶች እስከ ዛሬ በነጠላ ነው የሚመጡት፣ ከፊት ወንበር ታገኚያቸዋለሽ። ቀጭኑን ምረጪ ብቻ፤ በአምስት ሰዓት የቆርቆሮው ጣሪያ የሚያወርደውን ሙቀት ደብረ ብርሃን አላስተማረችሽም።